«አወቅኸኝ» የማይባልበት ቤት

የእኛ አገር ሰው መታመም ይፈራል የሚላችሁ ካለ አትመኑት። እኛ የምንፈራው ብቻችንን መታመምን ነው። አንድ ሰው ራሱን አሞት ጋደም ያለ እንደሆነ ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ቤቱ በሰው ይሞላል። አንዷ እንቁላል በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ሌላዋ ጠላ በገንቦ አዝላ፣ ወንዶቹ ደግሞ ባዶ እጃቸውንና ረጅም ዱላቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ ተቀምጠው ዝም ይላሉ። ዝም ማለት እኛ ዘንድ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ሁኖ ዝም ማለት ደግሞ ከባድ ሥራ ነው። ሲበቃቸው አንዱ ጎንበስ ይልና የታመመውን ዓይን ዓይኑን እያየ ይጠይቀዋል።

«አወቅኸኝ?»

እናንተም ብላችኋል፤ አትካዱ። በሽተኛው ዓይኑን ገለጥ አድርጎ «እንዴት አላውቅህም፣ እገሌ አይደለህም እንዴ?» ሲል ቤቱ በሙሉ ተንፈስ ይላል። ካወቀው ይድናል ማለት ነው። ሐኪም በሌለበት አገር ይቺ ነበረች ምርመራችን፤ መርፌ አትፈልግ፣ ወረፋ አትፈልግ። ማን እንዳወጣት አላውቅም። እኔ ከዚህ ቃል የበለጠ የፍቅር ቃል ያለ አይመስለኝም ነበር። ልጄን ከቤቴ ታስሮ እንዲወጣ ልታደርግብኝ ምንም ያልቀራትም እሷው ናት።

ልጄ ይመር ሚሊሺያ ተብሎ ሲዘምት አባቱ አርፏል፣ ሚስቱ አስካል ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች። ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመት ነው። ሲመለስ ሴት ልጁ ደስታ በእግሯ ትሄዳለች። እሱም በእግሩ ነው የመጣው፤ እጁ እጅ ነው፣ እግሩ እግር ነው፣ ዓይኑም ያው የአባቱ ዓይን። ግንባሩ ላይ ግን አውራ ጣት የምታህል ጠባሳ አለች። የገብስ ፍሬ የምታክል የብረት ፍንጣሪ ነው አሉን፤ ሐኪሞቹ አውጥተውለታል። እኔ ስሜው፣ በደህና መልሳልኛለችና ለማርያም እልል ብዬ፣ ብረቱ ከወጣ ምን ቀረ ብዬ ተኛሁ።

የቀረውን ቀስ በቀስ አየሁት። ውሃ ሊቀዳ ይወጣና እንስራውን ከጎኑ አስቀምጦ ግድግዳ ጥግ ተቀምጦ እናገኘዋለን፤ ለምን እንደወጣ ጠፍቶበታል። የስንት ዓመት ጎረቤቱን ስም ሲፈልግ ላብ ያሰምጠዋል። የሕፃን ልቅሶ፣ የዶሮ ጩኸት ራሱን በመጥረቢያ የሚፈልጡት ያህል ያመዋል። ከሁሉ የከፋው ቁጣው ነው። ይመር ልጅ ሳለ በሬ እግሩን ቢረግጠው በሬውን ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ነበር። አሁን ግን ከምንም ተነሥቶ እንደ ጭድ እሳት ቦግ ይላል። ቦግ ብሎ ሲያበቃ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያለቅሳል።

ጠያቂውስ? ጠያቂው ጎረፈ። ከአሸተን ማርያም ተራራ ግርጌ ጀምሮ ዘመድ ያልሆነን የለም፤ ከኩልመስክ ድረስ አድሮ በእግሩ የመጣ የአባቱ ወገን ሁሉ ነበር። እየገባ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያም «ይመር፣ አወቅኸኝ?» ይላል። አላወቀውም። «ኧረ ልብ ብለህ እየኝ። ማን ነኝ እኔ?» ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ክፉ ቢሆኑማ አንዴ ጠይቀው ይሄዱ ነበር።

በዚህ መሐል ከገበሬ ማኅበሩ ወረቀት መጣ። ከግንባር ጭንቅላቱን ቆስሎ የተመለሰ ሰው ያለበት ቤት አንድ አንድ ሰው ላሊበላ ከተማ ሥልጠና ይግባ ይላል። እኔ በዕድሜዬ የተማርሁት በመሠረተ ትምህርት ያስያዙኝን ስሜን መጻፍ ብቻ ነው። ሥልጠና ማለት ያው ስብሰባ ነው ብዬ፣ ስብሰባ ላይ ደግሞ እጅ ሥራ ፈትቶ አይዋልም ብዬ፣ ጥጤንና እንዝርቴን ይዤ ወረድሁ።

አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ የጤና ረዳቶችና እኔን የመሰሉ እናቶች ተደባልቀን ተቀመጥን። ፊት ለፊታችን አንዲት ቀጭን ልጅ ቆማለች፤ ስሟ ሰናይት ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው። የምትማረው የሰውን ልብ ነው አሉን፤ ሳይኮሎጂ ይሉታል። ከኋላ ደግሞ ሽበት ያወጣ መምህሯ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ይመለከታታል። በኋላ እንደገባኝ እኛ ልንሠለጥን መጣን እንጂ ልጅቱም እኛ ላይ እየሠለጠነች ነበር። እኛ ብንወድቅ ወደ ቤታችን ነው፤ እሷ ብትወድቅ ግን ዓመቷን ትደግማለች። ይህን ባውቅ ኖሮ ያን ዕለት ቶሎ ቶሎ ራሴን እነቀንቅላት ነበር።

ልጅቱ ጥሬ እንቁላል በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከትታ፣ ብርጭቆውን በመዳፏ ዘግታ እየነቀነቀች «የራስ ቅል ሳይሰበር ውስጡ ይጎዳል» አለች። የብዙዎቻችን ዓይን እንቁላሉ ላይ ነበር፤ ይሰበር ይሆን ብለን። እኔ ግን ገባኝ፤ እንዝርቴ ከእጄ ወደቀች። ወተት የናጠ ሁሉ ያውቀዋል። ቅሉ ከውጭ ያው ቅል ነው፣ ስንጥቅ የለው፣ ጭረት የለው፤ ውስጡ ያለው ግን ጧት የጨመርሽው ወተት አይደለም።

«ልጄ» አልኋት ከተቀመጥሁበት፣ «ወተት ከተናጠ በኋላ ተመልሶ ወተት ይሆናል?»

መምህሯን ከኋላ አየችው፤ መምህሯ አልረዳትም።

«ተመልሶ ወተት አይሆንም እማማ» አለች በመጨረሻ፤ «ሌላ ነገር ይሆናል።»

«አሬራም ይጠጣል እኮ» አለች ከጎኔ አንዲት ሴት፣ ልታጽናናኝ ብላ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬን ግን በነጠላዬ ጠረግሁ።

ከዚያ የነገረችን ነገር እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ከግንባር አጥንት ኋላ፣ የይመር ጠባሳ ያለችበት ቦታ ላይ፣ ትዕግሥት ትኖራለች አለችን። እኛ ታጋሽ ሰውን ሆደ ሰፊ እንላለን። እኔ ዕድሜ ልኬን ትዕግሥት ሆድ ውስጥ ያለች ይመስለኝ ነበር፤ ስናደድ ሆዴን ነው የምይዘው። ለካስ ግንባር ላይ ነው ቤቷ! የሰው ስም ሌላ ቦታ፣ ውሃ ለመቅዳት ተነሥቶ ቀድቶ መመለስ ሌላ ቦታ፤ ሁሉም በየጎጆው ተቀምጧል። አስቡት እስቲ፤ ያን ሁሉ መንደር በአንዲት ቅል ውስጥ የሠራ ጌታ ምን ዓይነት አናጢ ነው? የሰው እጅ የሠራት የገብስ ፍሬ የምታህል ብረት ደግሞ አንዷን ጎጆ መርጣ ገብታ ባለቤቲቱን ታስወጣለች። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስወጣ መንገድ ላይ የሚያጋጥመኝን ሰው ሁሉ ግንባር ግንባሩን እያየሁ ነው የሄድሁ። ይህን ሁሉ ነገር ተሸክመን እንዴት ነው እንዲህ ሳንጠነቀቅ የምንሄደው እያልሁ።

በሳምንቱ ሰናይት ይመርን በቤቱ ልታየው መጣች። አያ በላይ አብሯት መጣ። አያ በላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ የቅሬያችንም፣ ማለት ለቀብርና ለለቅሶ የምንረዳዳበት ማኅበራችንም ዳኛ እሱ ነው። ሁለት ሹመት በአንድ ባርኔጣ። ሰናይት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና ይመርን ትጠይቀው ጀመር።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

ይመር ረጅም ጊዜ አሰበ። «የሚካኤል ዋዜማ» አለ።

ልጅቱ ወረቀቷ ላይ የስሕተት ምልክት አደረገች። «ተይ ልጄ፣ ልክ ነው» አልኋት፤ «ነገ ዐሥራ ሁለት አይደል?» አያ በላይም መሰከረ። ፊቷ ቀልቶ ሰረዘችውና ቀጠለች።

«የአገራችን መሪ ማን ናቸው?»

«ጃንሆይ።»

እንግዲህ ያን ዘመን የኖራችሁ ታውቁታላችሁ። ከዚያች ቃል ያነሰ ተናግሮ የሄደበት ያልታወቀ ሰው ነበር። አስካል እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ አያ በላይን አየሁት፤ አያ በላይ ጣራውን አየ።

«በዚህኛው ጆሮዬ አልሰማም» አለ ግራ ጆሮውን እየነካካ፤ «የዚህ የዝናብ ወቅት ብርድ ነው።»

ዝናብ ከጠፋ አራት ወር ሁኖታል። እግዜር ይስጠው፤ ያን ቀን ከሁለቱ ሹመቱ የቅሬውን መረጠ። ልጅቱም ጥያቄው ምን እንደሆነ ያኔ ገባት መሰለኝ መልሱን ሳትጽፈው አለፈች። ጥያቄዋ ግን ገና አላለቀም። «ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስክ ቁጠር» አለችው። እኔ አልችለውም። አያ በላይ በጣቱ ሞክሮ ሁለተኛው ላይ ጠፋው። ይመር «ዘጠና ሦስት» አለ፤ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ይህን ጊዜ ነው አንድ የሩቅ ዘመዳችን ከደጅ በታላቅ ደስታ ዘው ያለው።

«ይመርዬ! አወቅኸኝ?»

ይመር ተነሣ። ሰናይት ጎን የነበረውን ሌላ በርጩማ አንሥቶ ወረወረው። በአስካል ጆሮ ግንድ አልፎ ግድግዳ ላይ ተሰበረ፤ አስካል ደስታን አዝላ ነበር።

ከዚህ በኋላ የማን አፍ ይያዛል? ወሬው እኛ ጠላ ሳንቀዳ የአስካል አባት ዘንድ ደረሰ። አያ አስረስ ቀጥ ያለ ሰው ነው፤ ሰውን አይበድልም፣ ቃሉን ግን አያጥፍም። በማግሥቱ መጥቶ ደጅ ላይ ቆሞ ተናገረ። «በእሑድ ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ እመጣለሁ። ሰይጣን ነው የያዘው፤ አስረን ጠበል እናደርሰዋለን። እምቢ ካልሽ ልጄንና የልጅ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ።» ቅሬውም ሰው ሊሰጠው ተስማማ። የሚያስረው ሰው እንዳይጎዳ ጉልበተኛ ጉልበተኛው ተመረጠ። እኔ ጠበል አልጠላም፤ በጠበል ነው ያደግሁት። ገመዱን ነው ያልቻልሁት። ይመር በተኛበት አንዳንዴ «አትሰሩኝ» ይላል፤ የት ማን እንዳሰረው አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። አንዴ ታስሮ ከቤቴ ከወጣ የሚመለሰው ይመር እንደማይሆን ሆዴ፣ ይቅርታ ግንባሬ፣ ነገረኝ።

ሰናይት ከዚያ በኋላ የምትመለስ አልመሰለኝም። በሁለተኛው ቀን ግን መጣች፤ ወረቀት አልያዘችም። ዓይኗ ያበጠ ነው።

«መምህሬ ምን አሉኝ መሰለዎት» አለችኝ። «‹የጠፋበትን ስትቆጥሪ ዋልሽ፤ ምን እንዳደከመው አላየሽም› አሉኝ። ካልከፋዎት እዚህ ጥግ ቁጭ ልበል። ምንም አልጠይቅም።»

ጥጥ ሰጠኋት፤ ሥራ ፈትታ ብትቀመጥ ጠያቂው ሁሉ እሷን ይጠይቃል ብዬ። ፍሬውን ከጥጡ መለየት እንኳ አትችልም፤ የተማረ ሰው እንዲህ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ እዚያ ጥግ ተቀምጣ ዋለች። አጠገቧ የሸክላ ጣባ አስቀመጠች፤ ከጓዳዬም ባቄላና ሽምብራ ለመነችኝ። እያቆየች ወደ ጣባው አንዳንድ ፍሬ ጣል ታደርጋለች። የከተማ ሰው ጸሎት ይሆናል ብዬ ዝም አልኋት።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጣባውን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው።

«ይህ እያንዳንዱ ፍሬ አንድ ጊዜ ‹አወቅኸኝ› መባሉ ነው» አለች። «ልብ አድርጌ አየሁት። አምስት ስድስት ሲሆን ግንባሩን ያሻል። ዐሥር ሲሆን ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው ላይ ይጮኻል። ሰይጣን ቢሆን መቼ እንደሚመጣ አላውቅም ነበር እማማ። ይህ ግን ይቆጠራል። አንድ ስም ለመፈለግ እርስዎ ዳገት ለመውጣት የሚደክሙትን ያህል ይደክማል። እኛ በቀን ሃያ ጊዜ አሸተን አውጥተን እናወርደዋለን። እኔም አንድ ቀን አውጥቼዋለሁ።»

ጣባውን አየሁት። ባቄላም አለ፣ ሽምብራም አለ። ሽምብራው ይበልጣል።

«ባቄላው ምንድን ነው፣ ሽምብራውስ?»

አቀረቀረች። «ባቄላው እንግዶች ናቸው።»

ልጅቱ ከዚህ በላይ እንድትናገር አላደረግኋትም። ጧት ዓይኑን ሲገልጥ «እኔ ማን ነኝ?» የምለው እኔ ነኝ። ምሳ ሳቀርብለት፣ ከደጅ ስመለስ፣ ነጠላ ስቀይር፣ ማታ ሳለብሰው። «እናቴ ነሽ» ሲለኝ ልቤ ቅቤ ይጠጣል፤ ያንን አንዲት ጉንጭ ቅቤ ብዬ ነው ልጄን ቀኑን ሙሉ ዳገት ሳስወጣው የምውለው። የዚያን ቀን ሽምብራውን ከባቄላው ለይቼ አንድ በአንድ አነሣሁት። እንዲህ ዓይነት ንስሐ ገብቼ አላውቅም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኋት።

«ጠያቂ አያስገቡ።»

ሳቅሁባት። የታመመ ሰው ደጅ ዘግቶ ጠያቂ መመለስ ማለት በእኛ አገር ቅሬውን በጥፊ መምታት ነው። ስሞት ማን ሊቀብረኝ ነው? ይህን ስነግራት እሷም ማሰብ ጀመረች፤ መጽሐፏ ላይ ስለ ቅሬ የተጻፈ ነገር የለማ። ተያይዘን አሰብን። ቤታችን እንደ ላሊበላ ቤት ሁሉ ክብ የድንጋይ ቤት ነው፤ ሁለት ደርብ አለው፤ ወደ ላይኛው የሚወጣው ከውጭ በኩል አንድ ሰው ብቻ በሚያሳልፍ የድንጋይ ደረጃ ነው። ይመርን ላይ እናውጣው፤ እንግዳ ሁሉ ታች ይግባ፣ ጠላውን ይጠጣ፣ ዝምታውን ዝም ይበል፤ ከዚያ አንድ አንድ እያለ ይውጣ። ላይ ሲደርስም አይጠይቅ። «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ራሱ ስሙን ይንገረው። ደጃችንን ሳንዘጋ ዳገቱን ዘጋነው ማለት ነው።

ጣጣው ይህንን ለሰው መንገር ነበር። እሑድ ሦስት ቀን ሲቀረው ቅሬው ተሰበሰበ፤ ጣባዬን በነጠላዬ ሸፍኜ ሄድሁ፤ ተነሥቼ ተናገርሁ። ባቄላውንም ሽምብራውንም አሳየኋቸው፤ ሽምብራው የማን እንደሆነም አልደበቅሁም።

«እና ልጅሽን ለመጠየቅ እንደ መንግሥት ቢሮ ስማችንን አስመዝግበን ልንገባ ነው?» አለ አንዱ።

«ማኅተምም ይኖራል?» አለ ሌላው።

«ደግሞስ» አለ አንድ ሽማግሌ ከምሩ ተከፍቶ፣ «በእኛ አገር የራሱን ስም በራሱ አፍ የሚጠራ ወይ ፎካሪ ነው፣ ወይ ፍርድ ቤት የቀረበ ነው። እኔ በስተርጅና ምን ነክቶኝ ነው ሰው ቤት ገብቼ ስሜን የምለፍፍ?»

እውነቱን ነው። ስም ሌላ ሰው ሲጠራልህ ነው የሚያምረው። ጣባውን ይዤ ልቀመጥ ስል የነፍስ አባታችን ቄስ ውብነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እግዚአብሔር ለሙሴ በቁጥቋጦው ውስጥ ሲገለጥለት» አሉ ቀስ ብለው፣ «‹የአባትህ አምላክ እኔ ነኝ› ብሎ ራሱን አስተዋወቀው እንጂ ‹አወቅኸኝ› አላለውም። ለእሱ ያላሳፈረው ለአንተ ነው የሚያሳፍርህ?»

አያ በላይ የሰማውን በሁለቱም ጆሮው ሰምቶ ደንብ አደረገው፤ ይመርን «አወቅኸኝ» ያለ ሰው ለሚቀጥለው ለቅሶ አንድ ሸክም እንጨት ይቀጣል። የገመዱን ነገር ሳነሣ ግን «ያ የአስረስና የአንቺ ነው፤ ቃሉ ወጥቷል» አለኝ። ቄስ ውብነህ ብቻ ስንለያይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ጠበሉ ተባርኳል፤ ገመዱን ግን የባረከው የለም» አሉኝ።

ሦስት ቀን ይመር ላይ ቤት ተቀመጠ። ሰው እየወጣ «እኔ እገሌ ነኝ፣ የእገሌ ጎረቤት» እያለ፣ ትንሽ ተቀምጦ ይወርዳል። የመጀመሪያው ቀን አልጮኸም። ሁለተኛው ቀን አልጮኸም። እኔም ጧት ጧት ምላሴን ነክሼ «እኔ እናትህ ነኝ፣ የሻረግ» እለዋለሁ፤ እሱም «አዎ» ይላል፤ ቅቤው ትንሽ ያንሳል፣ ግን ይበቃል። በሦስተኛው ቀን ማንም ሳያዘው ያቺን የተሰበረች በርጩማ ሲጠግን አገኘሁት። ግማሽ ላይ ተወት አደረጋት እንጂ።

እሑድ ደረሰ። አያ አስረስ ሁለት ጉልበተኞች አስከትሎ፣ አዲስ የጠፍር ገመድ በትከሻው ጥምጥም አድርጎ መጣ። ታች ቤት ጠላ ቀዳሁለት፤ አልጠጣውም። «የተባለው ተብሏል የሻረግ» ብሎ ተነሣ። ደረጃው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው ብያችኋለሁ፤ ጉልበተኞቹ ታች ቀሩ፣ እሱ ወጣ፣ እኔ ከኋላው። ላይ አስካል ደስታን አቅፋ ጥግ ቆማለች፣ ይመር መደብ ላይ ተቀምጧል።

አያ አስረስ በልማዱ «አወ...» ብሎ ጀመረ። አስካል አባቷን አየችው። የጀመረውን ቃል ዋጠው።

«እኔ አስረስ ነኝ» አለ፤ «የአስካል አባት።»

ይመር አየው። አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ የሚያልቅበትን ያህል አየው። ከዚያ ብድግ ብሎ ቆመ፣ ለአማት እንደሚገባ ነጠላውን አስተካከለና «ይቀመጡ አባቴ» አለው። ዓይኑ ትከሻው ላይ ያለው ገመድ ጋ ደረሰ።

«ገመድ ይዘዋል» አለ ይመር። «ምን ሊጭኑ ነው? ልርዳዎት?»

የሰው ፊት እንዲያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ያ ቀጥ ያለ ሰው ቀጥ ብሎ መቆሚያ አጣ።

«እንጨት» አለ በመጨረሻ። «እንጨት ነው ልጄ።»

ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው ብያችኋለሁ። እንጨት ካለ እንጨት ነው። በሰንበት እንጨት እንደማይለቀም እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ቄስ ውብነህ በኋላ ሲሰሙ ፈገግ ብለው ሌላ ወሬ ጀመሩ። ሁለቱ ተያይዘው ከቤታችን ጀርባ ያለው የባሕር ዛፍ ክምር ጋ ሄዱ፣ እኔና አስካል ከደረጃው ላይ ቆመን አየን። ይመር እንጨቱን ደረደረ፣ ገመዱን አሳለፈ፣ ሳበ፤ መሐል ላይ ግን እጁ ቆመ። ገመዱን ይዞ ቆመ፤ ምን እየሠራ እንደነበር ጠፋው። አያ አስረስ የገመዱን ሌላ ጫፍ እንደያዘ ነው። ይህ ሰው በዕድሜው ወረፋ የሚባል ነገር ጠብቆ አያውቅም፤ በሬው ቢዘገይ እንኳ ይሰድበዋል። ያን ቀን ጠበቀ። ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሰማሁት።

«እኔ አስረስ ነኝ። እንጨት እያሰርን ነው።»

ይመርም «አዎ» ብሎ ቋጠረው። ጠንካራ ቋጠሮ ነበር፤ ሁለቱ ጉልበተኞች ናቸው በየተራ ተሸክመው የወሰዱት፤ አስካልና ደስታ ቀሩልኝ።

ሰናይት ስትሄድ ጣባውን ይዛ ሄደች። መምህሯ ምን ውጤት እንደሰጣት አልጠየቅኋትም፤ ሰው ምን ውጤት እንዳገኘ መጠየቅ ያኔ ትቼ ነበር። ይመርም እንደ ድሮው አልሆነም፤ ልጅቱ አልዋሸችኝም። ደስታ እያደገች ሳለ ጧት ጧት «እኔ ደስታ ነኝ፣ ልጅህ» እያለች ነው ያደገች። እሱም በእግሩ እየሄደ፣ ማንም ሳይይዘው፣ ጠበሉንም ተጠመቀ። ያርሳል፤ መሐል ላይ ሲቆም ደግሞ ከሚያልፈው ሰው አንዱ ስሙን ይነግረውና «እያረስህ ነው» ይለዋል።

የእኛ መንደር ሰው ግን ልማዱ ያዘው። መጀመሪያ ለይመር ብቻ ነበር፣ ቀጥሎ ለታመመ ሁሉ ሆነ፣ አሁን ለጤነኛውም ሆኗል፤ ሰው ቤት የገባ ሁሉ ስሙን ከነአባቱ ተናግሮ ነው የሚቀመጠው። ከላይ ከዋድላ፣ ከኮን የሚመጡ እንግዶች «ኩሩዎች ናቸው፣ ገና ከበር ይፎክራሉ» እያሉ ያሙናል። ይሙን።

አሁን እኔም አርጅቻለሁ፤ ላይ ቤት የምውለው እኔ ሆኛለሁ። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል ይላሉ፤ ሁሉን ነገር በጭጋግ ነው የማየው። ጆሮዬ ግን ደህና ነው፤ የልጄን የእግር ኮቴ ደረጃው ላይ ገና ሁለተኛዋን ድንጋይ ሲረግጥ አውቀዋለሁ። ሽበት በሽበት ሁኖ በየጧቱ ይወጣል፣ በሩ ላይ ይቆማል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«እኔ ይመር ነኝ» ይለኛል፤ «ልጅሽ።»

«በኮቴህ አውቄሃለሁ» ያልሁት እንደሆነ ነገ ስሙን መንገሩን ይተወዋል። ስለዚህ ትንሽ እንደማሰብ እላለሁ፤ ከዚያ «አዎ» እለዋለሁ።